ጉዳተኛ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ሥራና ዕረፍት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



ኢዮቤልዩ የተባለው በዓል በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንዴት እንደ ተሠራ ካህናቱ ያውቃሉ። በዚያ ሥርዐት በኀምሳኛው ዓመት ምድሪቱ ከመታረስ ታርፋለች፤ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ በዕዳ ተይዞ የሚያገለግለውም ሰው ነጻ ይወጣል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ማለት በአጭር ቃል ለደከመ ሰው ዕረፍት መስጠት ነው። አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የተሠራውን ሕንፃ፣ የተተከለውን ዛፍ፣ ያገለገሉትንም አባቶች ማስታወሱ ተገቢ ነገር ነው። ነገር ግን ከደብሩ ሰዎች መካከል እስከ ዛሬ ዕረፍት ያላገኘ ማን ነው ብሎ መጠየቅ የበዓሉ ዋና ትርጓሜ ነው።

ይህ ጥያቄ በጅጅጋ ከተማና በሱማሌ ክልል ሰሜን በኩል ባሉት ከተሞች፣ በቶጎ ውጫሌና በአውበሬ፣ በቀብሪ በያህና በሽንሌ ቢጠየቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። አካሉ ወይም አእምሮው የተጐዳ ልጅ የምታሳድገው እናት ናት። ልጇ ክርስትና ሲነሣ የተሰበሰበው ዘመድ፣ ሕፃኑ ዐንገቱን ማቅናት እንዳልቻለ ካየ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትመጣ ልጁ የጮኸ እንደ ሆነ ቅዳሴውን እንዳያውክ ፈርታ ከጥግ ትቆማለች፤ ብትቀር ደግሞ ለምን ቀረች ብሎ ደጇን የሚያንኳኳ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንዲት እናት በዐሳብ ትታይ፤ የሚነገረውም የአንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ ሳይሆን የብዙዎች ኑሮ ምሳሌ ነው። ልጇ 7 ዓመት ሞልቶታል። ሐኪሞች ሴሬብራል ፖልሲ የሚሉት ደዌ አለበት፤ ይኸውም አንጎል ከመወለድ በፊት ወይም በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለደ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በመጐዳቱ የሚመጣ የሰውነት አለመታዘዝ ነው። ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ አየር ቢያጥረው፣ ወይም በተወለደ ሰሞን ብርቱ ቢጫ በሽታ ቢይዘው፣ ወይም ማጅራት ገትር ቢያገኘው እንደዚህ ያለ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። የአንጎሉ ጉዳት ከዚያ በላይ አይሰፋም፤ ልጁ ግን ያድጋል። ሲወለድ 3 ኪሎ የነበረው በ7 ዓመቱ 15 ኪሎ ቢመዝን፣ የተሸካሚዋ የእናቲቱ ጀርባ በዚያው ልክ አልጠነከረም።

ይህች እናት ሌሊት በ9 ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች። ሲነጋ እንጀራውን ለሱቅና ለምግብ ቤት ማድረስ አለባት። ነገር ግን ልጁን ብቻውን ትታ መውጣት አትችልም፤ ምራቁ ሊያንቀው፣ የሚጥል በሽታም ሊነሣበት ይችላልና። ስለዚህ ታላቅ እኅቱ ከትምህርት ቤት ትቀርና ትጠብቀዋለች፤ በዚህም ምክንያት የአንዱ ልጅ ጉዳት የሁለት ልጆች ጉዳት ይሆናል። ቍርሱን ማብላት ብቻ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ቶሎ ቶሎ ቢጐረስ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባልና። ከዚያ በኋላ ማጠብ፣ ልብስ መለወጥ፣ ገላው እንዳይቈስል ማገላበጥ፣ እጅና እግሩም እንዳይደርቅ ማሻሸት ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ የምሳ ሰዓት ደርሶአል። ልብስ አጠባ እንድትሠራ የሚፈልጋት ቤት ቢኖር በጠዋት ይፈልጋታል፤ እርስዋ ግን ጠዋት የላትም።

ወደ ሐኪም የሄደች እንደ ሆነ ሥራዋ ይበልጥ ይናጋል። በጅጅጋ የካራማራ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው የሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉ። ከእነርሱ የሚያልፍ ነገር ከተገኘ ግን የካራማራን ተራራ ተሻግሮ፣ በባቢሌ አልፎ እስከ ሐረር 100 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ሊያስፈልግ ነው፤ የአጥንት ቀዶ ጥገና የታዘዘ እንደ ሆነም ለሕፃናት ተብሎ እንደ ተከፈተው እንደ ኪዩር ሆስፒታል ያለውን ለማግኘት እስከ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ነው። ሦስት ቀን እንጀራ ያልደረሰለት ባለ ምግብ ቤት ደግሞ ሌላ ጋጋሪ ይፈልጋል። እናቲቱ ከሐኪም ስትመለስ መድኃኒቱን ይዛ፣ ደንበኛዋን አጥታ ትመለሳለች።

የአማርኛ ተረት ‹‹ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል›› ይላል። ጉዳተኛ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ሁለቱ ባላዎች ሥራና ዕርዳታ ናቸው። ነገር ግን የዚህ ኑሮ ጭንቁ አንደኛውን ባላ ስትተክል ሁለተኛው የሚነቀል መሆኑ ነው። ይህም እንዴት እንደሚሆን ነገሩን በተራ መመልከት ይገባል።

አስቀድሞ ስለ ሥራ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 የሥራውን ቀን 8 ሰዓት፣ ሳምንቱንም 48 ሰዓት አድርጎ ወስኖአል። ለምትወልድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ሰጥቶአል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቍጥር 1064 ደግሞ በመሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። እነዚህ መልካም ሥርዐቶች ናቸው። ሆኖም የተሠሩት ሕፃኑ አድጎ ከእናቱ ጉያ ይወጣል በማለት ነው። የ7 ዓመት ልጇን ዛሬም እንደ ሕፃን የምታዝል እናት የወሊድ ፈቃዷ ካለቀ ብዙ ዘመን አልፎአል፤ የሕፃናቱም ማቆያ ዕድሜው አልፎአል ብሎ አይቀበልላትም። ስለዚህ ደመወዝ ያላት ሠራተኛ ብትሆን እንኳ ወደ ጕልት፣ ወደ ሻይ መሸጥ፣ ወደ እንጀራ ጋገራ ትወርዳለች። ይህ ሥራ ሰዓቱን እንደ ፈለገች ይለዋወጥላታል፤ ነገር ግን የዕረፍት ቀን፣ የሕመም ፈቃድ፣ ጡረታም የለውም።

ቀጥሎ ስለ ዕርዳታ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ዐቅሙ እንደ ፈቀደ አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ28ኛው አንቀጽ በድህነት የሚኖሩ ጉዳተኞችና ቤተ ሰቦቻቸው ለጉዳቱ የሚወጣውን ወጪ እንዲረዱ፣ ምክርና ትምህርትም እንዲያገኙ ያዝዛል። ከዚህም ጋራ አስታማሚው ጥቂት እንዲያርፍ የሚሰጠውን አገልግሎት በስም ይጠራዋል። የዕረፍት ነገር በኦሪት ብቻ ሳይሆን በዘመኑ የመንግሥታት ስምምነትም መጻፉን ልብ ማለት ይገባል።

ነገር ግን በኢትዮጵያ ‹‹ልጅህን ስለምታስታምም ይህን ያህል ውሰድ›› ተብሎ ለብቻው የተሠራ ክፍያ የለም። ለእርሱ የሚቀርበው ሴፍቲኔት የተባለው ዕርዳታ ነው። ይህ ዕርዳታ በገጠር በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። በከተማም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከሱማሌ ክልል የተመረጠችው ጅጅጋ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ የከተሞቹን ቍጥር አብዝቶአል። የዕርዳታው መንገድ ሁለት ነው። መሥራት የሚችል ጐልማሳ ያለበት ቤት መንገድ በመጥረግ፣ ቦይ በመቅደድ፣ ችግኝ በመትከል ሠርቶ ይከፈለዋል። የሚሠራ ሰው የሌለበት ቤት፣ ይኸውም የሽማግሌ፣ የበሽተኛ፣ የጉዳተኛ ቤት ሳይሠራ በቀጥታ ይሰጠዋል። በከተማ የሚሠሩት ሦስት ዓመት በዚያ ቆይተው፣ ከሚያገኙትም ከመቶ 20 እየቈጠቡ ራሳቸውን እንዲችሉ ታስቦ ነበር።

እንግዲህ ያች እናት ከየትኛው ወገን ትቈጠራለች? ዋናው ሚዛን በቤቱ መሥራት የሚችል ጐልማሳ አለ ወይ የሚል ነው። እርስዋ ጤነኛ ናት፤ ዕድሜዋም የሥራ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ መጥረጊያ ያዢ ትባላለች። መጥረጊያውን ከያዘች ልጁን የሚይዘው የለም። ልጁን ከያዘች ደግሞ ከሥራው ቀርታለችና ክፍያው ይጐድልባታል። ሚዛኑ እጇን አይቶአል፤ በእጇ ላይ ያለውን ልጅ ግን አላየም። ደግሞም ሦስቱ ዓመት አልቆ ቤቱ ከዕርዳታ ሲወጣ የልጁ ጉዳት አብሮ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሥርዐቱ የልጅ ማስታመምን ሥራ ጨርሶ አያውቅም ማለት አይደለም። በገጠሩ ሴፍቲኔት በአራተኛው ምዕራፍ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ በምግብ እጦት የተጐዳ ሕፃን የምታስታምምም እናት ለጊዜው ከሥራው ተለይታ ዕርዳታውን እንድትቀበል ተደርጎአል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ልጅን ማስታመም ራሱ ሥራ እንደ ሆነ ታውቆአልና። የሚቀረው ይህንኑ ዕውቀት ጥቂት ማስረዘም ነው። ጤነኛው ሕፃን አጥብቆ እናቱን የሚፈልገው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳተኛው ግን ምናልባት ዕድሜውን ሁሉ ይፈልጋታል። ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው ቢፈቀድ አዲስ ሕግ መፍጠር ሳይሆን የተጀመረውን መፈጸም ይሆናል።

ይህ ጭንቅ የድኻ አገር ጭንቅ ብቻ እንደ ሆነ የሚያስብ ሰው ቢኖር የእንግሊዝን አገር ይመልከት፤ በዚያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ወላጆች መካከልም ይህን ነገር በኑሮአቸው የሚያውቁት አሉ። በእንግሊዝ አገር ለአስታማሚ የሚከፈል ገንዘብ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1976 ተሠራ። ነገር ግን ያገባች ሴት ቀድሞም ከቤት የምትውል ናት ተብሎ እንዳትቀበል ተከለከለች። ጃኪሊን ድሬክ የተባሉ እናታቸውን ለማስታመም ሥራቸውን የተዉ ወይዘሮ ግን ነገሩን በፍርድ ተከራክረው ሉክሰምበርግ ካለው የአውሮጳ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ በ1986ም ተፈረደላቸው፤ ሕጉም ተለወጠ። ከዚያም በኋላ ችግሩ ሁሉ አላለቀም። በ2025 በተሠራው ልክ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የሚያስታምም ሰው 83 ፓውንድ ከ30 ፔንስ ይቀበል ነበር፤ ነገር ግን ከሥራው ተቈራጩ ወጥቶለት በሳምንት የሚያገኘው ከ196 ፓውንድ እንዳይበልጥ ታዝዞ ነበር። በ1 ፓውንድ የበለጠ እንደ ሆነ የዚያ ሳምንት ዕርዳታ በሙሉ ይቀርበታል። ይህን ሳያውቁ ጥቂት ሰዓት ጨምረው የሠሩ ብዙ አስታማሚዎች ከዓመታት በኋላ የተቀበሉትን መልሱ ተብለው ባለ ዕዳ ሆኑ። ባለ ጸጋውም አገር እንግዲህ አንዱን ባላ ሲተክል ሌላውን ነቅሎአል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዕርዳታ የወላጁ ገቢ በጨመረ ቍጥር በጥቂት በጥቂቱ ሊቀንስ እንጂ እንደ ገደል ባንድ ጊዜ ሊቈረጥ እንደማይገባው ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሥራ ይገኛል። ወይዘሮ ዘሚ በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው የሚያስተዳድሩ ባለ ሙያ ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ስለ ሆነ የገባባቸው ትምህርት ቤቶች አልተቀበሉትም። እርሳቸውም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል አቋቋሙ። በዚያም የእርሳቸው ልጅ ብቻ ሳይሆን የሌሎችም ልጆች ይውሉበት ጀመር። ልጁ የሚውልበት ቦታ ያገኘች እናት ደግሞ የሥራ ቀን አገኘች ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የሆነው ሙያና ገንዘብ ባላቸው በአንዲት ብርቱ ሴት ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ብቻዋን ማእከል አታቋቁምም፤ ደብርና ሰፈር ግን ሰብሰብ ብሎ የማእከሉን ጥቂት ሥራ ሊሠራ ይችላል።

እንግዲህ ከደብሩ ምን ይጠበቃል? ምጽዋት ሁልጊዜ መልካም ነው። ሆኖም ለዚህች እናት ከብሩ ይልቅ የጐደላት ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ጠዋት ልጇን የሚይዝላት ሰው ያገኘች እንደ ሆነ ብሩን ራሷ ታመጣዋለች። ስለዚህ የሚደረገው ነገር በአራት ክፍል ይነገራል።

አንደኛ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችና የማኅበሩ እናቶች ተራ ገብተው ሰዓት ይስጡ። ተራቸውም በመዝገብ ይጻፍ፤ እንደ እድር መዋጮ ይቈጠር። ለልጁም ደኅንነት፣ ለጠባቂዎቹም ስም ሲባል ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ እንጂ አንድ ሰው ብቻውን ከልጁ ጋራ አይዋል። ከእናቲቱም አስቀድመው ይማሩ። ልጁን ሲያበሉ ቀና አድርገው፣ ዐንገቱን ደግፈው፣ በትንሽ ማንኪያ በቀስታ ያብሉ እንጂ አጋድመው አያጕርሱት። የሚጥል በሽታ የተነሣበት እንደ ሆነ በጐኑ ያስተኙት፤ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አያግቡ፤ ክብሪትም አያሽትቱት፤ ከ5 ደቂቃ በላይ የቈየ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ሁለተኛ፤ ወደ ቀበሌ አብሮአት የሚሄድ ሰው ይኑር። ልጅ አዝላ ሰልፍ የምትጠብቅ እናት ተራዋ ሳይደርስ ልጁ ያለቅስና ትመለሳለች። የልጁን የሐኪም ወረቀት የያዘ፣ ኑሮዋንም የሚመሰክር ጐረቤት ወይም ካህን አብሮ ቢቆም ግን ይሰማል። በቀጥታ ከሚረዱት ወገን ትቈጠር ዘንድ፣ ይህ ባይሆን ለቤቷ የቀረበና ሰዓቱ የሚመቻት ሥራ ይሰጣት ዘንድ ይጠይቁላት። ሳትመዘገብ የቀረች እንደ ሆነም ቅሬታ ለሚሰማው ኮሚቴ ማመልከት መብቷ ነው። ይህን ማድረግ ክስ ሳይሆን ሹማምንቱን መርዳት ነው፤ ከቤት ውስጥ ያለውን ልጅ ካልነገሩአቸው ሊያዩት አይችሉምና።

ሦስተኛ፤ የእድሩ ደንብ ይታይ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሐዘንተኛውንም ያጽናናል። በአዲስ አበባ ከወላጅ የቀሩትን ልጆች፣ ታመው የተኙትንም የረዱ እድሮች ታይተዋል፤ ስለዚህ በሕይወት ላለ ሰው መድረስ ለእድር እንግዳ ነገር አይደለም። የሕክምና መንገድ ለሚሄድ ልጅ መሳፈሪያ፣ ሥራዋን ትታ ለሄደችውም እናት የእነዚያ ቀኖች ምትክ ጥቂት ገንዘብ እንዲወጣ በደንቡ አንድ ቃል ቢጨመር ብዙ ያድናል። በጅጅጋ ጐረቤት የሆኑት ሱማሌዎች ቃራን የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ችግር ለወደቀበት ሰው ወገኑ ተሰብስቦ የሚያዋጣው ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ እናቶች፣ አንዲቱ ከቤተ ክርስቲያን ሌላይቱ ከመስጊድ ብትሆንም፣ የልጆቻቸው ሕመም አንድ ነው፤ ተራው ለአንዲቱ ሲያዝ የሌላይቱ ደጅ እንዳይታለፍ።

አራተኛ፤ ምላስ ይገታ። ልጁ ጉዳተኛ የሆነው በወላጆቹ ኀጢአት ነው የሚል ቃል እናቲቱን ከቤት ይቈልፍባታል፤ ልጁንም ከሐኪም ያርቀዋል። በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ይህ ጥያቄ ተጠይቆ ምን መልስ እንደ ተሰጠ ካህናቱ ለሕዝቡ ደጋግመው ቢያስተምሩ ከብዙ ምጽዋት ይበልጣል። ወደ ጠበል የምትሄድም እናት ሐኪም ያዘዘውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዳታቋርጥ ይምከሩአት፤ ያ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ይነሣልና። በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫ፣ ለሚጮኽ ልጅም ዐይን የማይበዛበት ስፍራ ይዘጋጅ።

ይህ ሁሉ ታላቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ‹‹ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ›› ይባላል። ሌሊት በ9 ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የምትጥደው እናት ኀምሳውን ሎሚ ለብቻዋ ተሸክማለች። ደብሩ የኀምሳ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ከኀምሳ ቤት እየአንዳንዱ በወር ሁለት ሰዓት ቢሰጥ መቶ ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም በየሳምንቱ ሦስትና አራት ጠዋት ነው። በዚያ ጠዋት እናቲቱ እንጀራዋን አድርሳ፣ ሒሳቧን ተቀብላ ትመለሳለች፤ ታላቂቱም ልጅ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትውላለች። አንድ ቀን ደግሞ ሥራ የሌለባት ጠዋት ደርሳት፣ ልጁም በሁለት ወጣቶች እጅ ሆኖ፣ እናቲቱ እንዲያው ትተኛ ይሆናል። ያን ጊዜ ኢዮቤልዩው በዚያች ቤት ገባ ማለት ነው።